በአበልጅ ሣጥን በኩል

ገዲሴ ታይፕ ስትመታ ጣቷ አይታይም ይባል ነበር፣ መካኒሳ። ማጋነን አለበት። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ባለጉዳይ ግን ብሶቱን አውርቶ ሳይጨርስ ወረቀቱን ከታይፑ ላይ ስባ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ትለው እንደነበር ሰፈርተኛው ሁሉ ምስክር ነው። አንድ ጠባይ ነበራት፤ ለቅሶ ትቆርጣለች። ሰውየው ስለ አጥሩ ሊያመለክት መጥቶ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ የደረሰበትን በደል ቢዘረዝርላት፣ እሷ አጥሩን ብቻ ጽፋ ትሰጠዋለች። ሲቆጣባትም «ዳኛ እንባ አያነብም፤ እኔ የሚነበበውን ነው የጻፍኩልዎት» ትለዋለች። በዚህ የተነሣ የተቀየሟት ነበሩ። ሌላ ጉዳይ ሲገጥማቸው ግን ተመልሰው የሚመጡት ወደ እሷው ነው።

ባሏ በንቲ ሾፌር ነው። አንዲት ያረጀች ላንድሮቨር ነበረችው። ተወልዶ ያደገው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ስለሆነ ወፍን ሳያያት በድምፅዋ ይለያታል። ሌላው ሾፌር ፈረንጅ ጭኖ ወደ ላሊበላና ወደ አክሱም ሲሮጥ፣ በንቲ አንገታቸው ላይ የሩቅ መነጽር ያንጠለጠሉ፣ አንዲት ወፍ ለማየት ግማሽ ቀን ጭቃ ውስጥ የሚቆሙ ሰዎች ይዞ ወደ ሐይቆቹ ይወርዳል። ጎረቤቶቹ «በንቲ፣ ዛሬ ስንት ቁራ አስጎበኘህ?» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። አንድ ጊዜ ከበንቲ ጋር የሄደ ወፍ ወዳድ ሁለተኛ ከሌላ ሾፌር ጋር መሄድ እንደማይፈልግ ግን እነሱ አያውቁም።

ችግሩ ያ ሰው አገሩ ሲመለስ ነው። ለወዳጆቹ ስለ በንቲ ያወራላቸዋል፤ ወዳጆቹ መጥተው በንቲን ከየት ያግኙት? ቤቱ ስልክ የለም። ስልክ እንዲገባላቸው ያመለከቱት ልጃቸው ማርቲ ሳትወለድ ነበር፤ ማርቲ ተወልዳ፣ ፊደል ቆጥራ፣ ስልኩ ገና ወረፋ ላይ ነው። ስለዚህ በንቲ በየሆቴሉ በር የሚቆሙትን ደላሎች ደጅ ይጠናል። ደላላ ደግሞ የወፍ ፍቅር የለውም፤ የሚሰጠው ለቀረበው ነው።

እንግዲህ ቤተልሄም የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ቤተልሄም የገዲሴ አበልጅ ናት። ማርቲን በሰማንያ ቀኗ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከካህኑ እጅ የተቀበለቻት እሷ ናት። የሥጋ ዘመድ ይጣላል፣ ይኳረፋል፣ በውርስ ይካሰሳል፤ አበልጅ ግን በእግዜር ፊት የተሳሰረ ነው ብለን ነው ያደግነው። ቤተልሄም ከሳር ቤት ወረድ ብሎ ባለ አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ስለነበረች፣ መሥሪያ ቤቷ ስልክም፣ የፖስታ ሣጥንም ነበረው።

አዲስ አበባ ፖስታ ቤቱ ደብዳቤ ደጃፍ ድረስ አያመጣም። ያለው ሣጥን ይከራያል፤ የሌለው በዘመድ ወይም በወዳጅ ሣጥን ይጠቀማል፤ ፖስታው ላይም «በእገሌ በኩል» ይባልበታል። የከተማው ግማሽ ከዓለም ጋር የሚገናኘው በሌላው ግማሽ በኩል ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የገዲሴና የበንቲ ደብዳቤ ሁሉ ለዓመታት የመጣው በቤተልሄም በኩል ነበር፤ አንዱም ተከፍቶ አያውቅም። እንዲያውም አንድ ክረምት ቤተልሄም ራሷ በስብሳ፣ ፖስታውን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ደረቁን አምጥታላቸዋለች። ሰው ከዚህ በላይ ምን አድርጎ ይታመናል?

በ1990 መጀመሪያ ላይ ቤተልሄም አዲስ ወሬ ይዛ መጣች። መሥሪያ ቤታቸው ኢንተርኔት አስገብቷል። ፈረንጆቹ ሆቴል የሚመርጡት፣ መኪና የሚከራዩት በዚያ ላይ ፈልገው ነው። አንድ ገጽ ተሠርቶ ቢወጣ የበንቲን ስም ለንደን ላይ የተቀመጠ ሰው ያነበዋል። ድረ ገጽ የሚለው ቃል ገና ስላልተለመደ ቤተልሄም ዌብሳይት ነበር የምትለው፤ ገዲሴ ደግሞ እስከ መጨረሻው «ገጹ» ከማለት አልወጣችም። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን ያመጣችው ቤተልሄም ናት፤ ያን ጊዜ ክፋት አልነበረባትም። ከክፋት የማይጀምር ክህደት ደግሞ ከሌላው ይልቅ ያበሽቃል።

ገዲሴ የዕቁብ ዕጣ ደርሷት ስለነበር ኮምፒውተር ሊገዙ ሁለቱ አበልጆች ፒያሳ ወረዱ። ቤተልሄም ወዲያው የወደደችው ድምፅ ማጉያ በግራና በቀኝ የተገጠመለት፣ ፊልም የሚያሳይ አዲስ ዕቃ ነው። ሻጩ መሐሙድም እሱኑ ከፍቶ ሙዚቃ ለቀቀላቸው። ገዲሴ ጥቂት ሰማችና እኔ የምሠራው ገጽ አይዘፍንም አለችው። ከዚያ ሜሞሪው ስንት እንደሚይዝ፣ ዲስኬት በፍጥነት ያነብ እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያዩት ዐይን ያደክም እንደሆነ ጠየቀችው። ቤተልሄም ሽንጧን ገትራ ተከራከረች፤ ገዲሴ ግን በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን እንጂ ኮርቻዋን አያይም ብላ፣ ያገለገለ ግን ሜሞሪው ሰፊ የሆነ ኮምፒውተር መረጠች። በተረፈው ስካነር ገዛች፤ የወፎቹ ፎቶግራፍ ገጹ ላይ የሚገባው በሌላ መንገድ አይደለምና። መሐሙድ ስፒከሩን እየነቀለ፣ ምን እንደምትፈልግ የምታውቅ ደንበኛ ማግኘት ዕድል ነው፣ ትርፍ ግን የለውም አለ።

በመሣሪያ ምርጫም እንዲሁ ሆነ። ቤተልሄም በዲስኬት ያመጣችላት ፕሮግራም ገጽን በራሱ የሚሠራ ነበር፤ ጽሑፉን እዚህ፣ ሥዕሉን እዚያ መጎተት ብቻ ነው። ገዲሴ ጥቂት ሞከረችው። ከዚያ ፕሮግራሙ ከሥር ምን እንደጻፈ ከፍታ ብታይ፣ አንዲት መሥመር ለማስቀመጥ ገጽ ሙሉ ትእዛዝ ዘክዝኳል። እንደነዚያ ባለጉዳዮች ማለት ነው፣ ስለ አጥሩ ከአያቱ ጀምሮ። ጣለችው። ቤተልሄም ፎቶኮፒ ያደረገችላትን መማሪያ ዘርግታ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ በገዛ ጣቷ ትመታ ጀመር። ሥዕሎቹን ደግሞ የስልክ መሥመር ሳያደክሙ እንዲያልፉ ደጋግማ አሳነሰቻቸው።

ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት። በንቲ ስሙ ከላይ በትልቁ እንዲጻፍ ፈልጎ ነበር። ገዲሴ ሳቀችበት። አንተን የሚያውቅህ ማን አለና በስምህ ይፈልግሃል፣ ሰዎቹ የሚፈልጉት ወፏን ነው አለችው። ገጹም «ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያሉ ወፎች» ተባለ፣ በእንግሊዝኛ። በንቲ ከጉዞ ሲመለስ የትኛዋን ወፍ የት እንዳያት፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ ሐይቁ መሙላቱን መጉደሉን ይነግራታል፤ እሷ ለቅሶውን ቆርጣ ትጽፈዋለች። የወፍ ማኅበር ላላቸው የውጭ አገር ሰዎችም አጫጭር መልእክት አዘጋጀች፤ እናንተ የእኛን ገጽ አስተዋውቁልን፣ እኛም የእናንተን እናስተዋውቃለን የሚል። ሰው የሚፈልገውን ገጽ ኢንተርኔት ላይ ፈልገው የሚያገኙለት ፈላጊ ድርጅቶች ገጹን እንዲመዘግቡት የሚላከውንም ጽሑፍ እሷው ናት ያዘጋጀችው። ላኪዋ ግን ቤተልሄም ናት፤ ስልኩና ኢንተርኔቱ ያለው እሷ ጋ ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ገዲሴ ሳምንቱን የሠራችውን በዲስኬት ታስቀምጣለች። ዓርብ ዓርብ ቤተልሄም ከሥራ ስትመለስ ጎራ ብላ ትወስደዋለች፤ ሰኞ መሥሪያ ቤቷ ላይ ገጹን ታወጣና የመጣውን መልእክት አትማ ታመጣለች። የገጹ መክፈቻ የምስጢር ቃልም የተያዘው በቤተልሄም ኢሜይል ነው። እኔ ጋ ይቀመጥ፣ አንቺ ኢንተርኔት የለሽም፣ ምን ያደርግልሻል ብላት ነበር። ገዲሴ ለአፍታም አልከነከናት። የሣጥን ቁልፍ ያለው ባለሣጥኑ ጋ አይደል? ገጹ ሲመረቅ አንድ ቅዳሜ እዚያው ቢሮ ሄዳ አየችው፤ ከዚያ በኋላ የገዛ ሥራዋን የምታየው ኮምፒውተሯ ላይ ብቻ ሆነ።

ሰመረላቸው። ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች መጡ። ከእነሱ መካከል አንዲት ሽበታም እንግሊዛዊት ነበረች፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ሰማያዊ ክንፍ ያላትን የደጋ ዝይ ልታይ ሃያ ዓመት ተመኝታ፣ በንቲ በሁለተኛው ቀን አሳያት። ሴትዮዋ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች አሉ። በንቲ ለገዲሴ ሲነግራት እሱም እንባ እንባ ብሎት ነበር፤ ወፍ አይቶ የሚያለቅስ ሰው ከራሱ ሌላ አይቶ አያውቅማ። ያን በጋ ላንድሮቨሯ አላረፈችም። በንቲ ደላሎቹን ሰላም ብሎ ብቻ የሚያልፍ ሰው ሆነ።

ግንቦት ላይ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። የሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ደግሞ በንቲ ከሐይቅ ዳር ወባ ይዞ መጥቶ ተኛ። እንግዶች ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው። ቤተልሄም ወንድሟን ክርስቲያንን አነሣች፤ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ሥራ የለውም፣ መኪና ተከራይቶ ይውሰዳቸው፣ እንግዳ ከሚጉላላ ብላ። ገዲሴ አመስግና አገላብጣ ሳመቻት። በንቲም ከትኩሳቱ መሐል ቀና ብሎ የትኛዋ ወፍ የት እንደምትገኝ ለክርስቲያን ቁጭ አድርጎ አስረዳው። የቤቱን ዕቃ ለሌባ በእጁ አሳየ ማለት ይኸው ነው።

በንቲ ተሻለው። መልእክት ግን ቆመ።

«ዛሬም የለም አበልጄ» ትላለች ቤተልሄም፣ ሰኞ ሰኞ። «ጦርነቱ ነው። ፈረንጅ እንደሆነ ፈሪ ነው።»

ማን አይቀበላትም? ራዲዮውም የሚያወራው ስለ ጦርነቱ ነው። ገዲሴ ግን ጦርነቱ ላይ አላሳበበችም። ጥፋቱን ገጹ ውስጥ ፈለገች። ሥዕሎቹ ከብደው ይሆን ብላ እንደገና አሳነሰቻቸው። ጀርባው ጠቁሮ ዐይን ይወጋ ይሆን ብላ ነጭ አደረገችው። ፈላጊ ድርጅቶቹ አላገኙት ይሆን ብላ ርእሱን ለወጠች፣ የወፎቹን ስም በላቲንም ጨመረች፣ ምዝገባው እንዲታደስ አዲስ ጽሑፍ አዘጋጅታ በዲስኬት ላከች። ኮምፒውተሬን በደንብ ሳልመርጥ ቀርቼ ይሆን፣ ያን ፕሮግራም ባልጥለው ኖሮ ይሆን እያለች ራሷን ትበላ ነበር። ዓመት ሙሉ እንዲህ ገጹን ስታሳምረው ከረመች። ገጹ ባማረ ቁጥር ደግሞ ብዙ ሰው ያገኘዋል። ያ ሁሉ ሰው የት እየገባ እንደሆነ ብታውቅ እጇን ትቆርጠው ነበር።

በንቲማ ከሰውነት ተራ ወጣ። ለበንቲ ነገሩ የጦርነት ጉዳይ አልነበረም። የፈረንጆቹን ፊት አንድ በአንድ እያስታወሰ ማንን እንዳስቀየመ ይመረምራል። «ያቺን ሽበታም ሴትዮ ምን ብያት ይሆን?» ይላል፣ እራት ላይ። ትመለሳለች ብሎ ነበር፤ ራሷ ናት እመለሳለሁ ያለችው። ከመቂና ከዝዋይ ሽንኩርት መጫን ጀመረ። መኪናዋ ሽንኩርት ሸተተች፣ እሱም ሽንኩርት ሸተተ። ገዲሴ ግን ገጽ ካልታደሰ ሰው አይመለስም እያለች ስለምትጨቀጭቀው፣ ሽንኩርቱ እስኪጫን ሐይቁ ዳር ወርዶ ያየውን ወፍ ይዞላት ይመጣል። ድሮ እየሳቀ ያወራው የነበረውን አሁን እንደ ግዴታ ነው የሚነግራት።

በዚያው ዓመት ክርስቲያን የራሱ ሚኒባስ ገዛ። ገዲሴ እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ዳቦ ጋግራ ይዛ ሄደች። እዚህ ላይ አለመናደድ ከባድ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሁላችንም እናውቃለን፤ ፈረሱ ላይ ሳለን ግን ማናችንንም ትዝ አይለንም።

ኅዳር 1992 በንቲ ሽንኩርት ሊጭን ዝዋይ ወረደ። እንደ ልማዱ ሐይቁ ዳር ብቅ ሲል የክርስቲያን ሚኒባስ ቆማለች፤ መነጽር ያንጠለጠሉ ፈረንጆች ውሃው ዳር ተደርድረዋል። ደስ አለው። ጦርነቱ ቢኖርም ሰው መምጣት ጀመረ ማለት ነው ብሎ ሰላም ሊላቸው ተጠጋ። ከመሐላቸው አንዷ ዞር ስትል ያቺው ሽበታም እንግሊዛዊት ናት። ሴትዮዋ አየችውና ክው አለች። መነጽሯ ከእጇ ወደቀ። ቀስ ብላ መጥታ ክንዱን ጨበጠችው፣ ለቀቀችው፣ መልሳ ጨበጠችው። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

የበንቲ እንግሊዝኛ ለወፍ ይበቃል፤ ለዚህ ግን አልበቃ አለው። ሦስት ጊዜ አስደግሟት ነው የገባው። ሞተሃል ብለውናል ነው የምትለው። ገጻችሁ ላይ ፎቶህ በጥቁር ክፈፍ ወጥቷል፣ በወባ መሞትህን አንብበናል፣ ለሚስትህ የሐዘን ደብዳቤ ልኬላት መልስ ጽፋልኛለች፣ አመስግናኝ ሥራውን የሚቀጥለው ክርስቲያን ነው ብላኛለች። በንቲ ወደ ክርስቲያን ዞረ። ክርስቲያን ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ጎማ ያይ ነበር።

በንቲ ሽንኩርቱን ሳይጭን ተመለሰ። ገዲሴ ታይፕ ቤቷ ውስጥ ባለጉዳይ ተቀምጦ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አያት።

«ሞቻለሁ አሉ» አላት።

ገዲሴ ቀልድ መሰላት። ፊቱን ስታይ ግን ባለጉዳዩን ነገ እንዲመለስ ነገረችው። በንቲ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት። ስለ ጥቁሩ ክፈፍ እስከ መጨረሻው ሰማችው። መልስ ጽፋልኛለች ያለችው ላይ ሲደርስ ግን አስቆመችው። እጇ እንዲያ አይጽፍም፤ እሷ ጽፋ የማታውቀውን ቃል የእሷ ነው ብሎ ያመነ ሰው አለ፣ ባሏን ቀብራ ያመሰገነች ሴት ሆና የታወቀችበት አገር አለ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቤተልሄም ቢሮ ሄደች። አልጮኸችም። ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠችና ገጹን ክፈቺልኝ አለቻት። ቤተልሄም ስታያት ገባት፤ ወንድሟ ሳይነግራት አልቀረም። በስልክ መሥመር ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን ሞደም አስነሣች። ጩኸቱ እስኪያበቃ ሁለቱም ግድግዳውን አዩ።

ገጹ ተከፈተ። የበንቲ ፎቶ ነው፣ ሐይቁ ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ ገዲሴ በእጇ ስካን ያደረገችው። ዙሪያው ጥቁር ነው። ከሥሩ የተወለደበት ዓመትና የሞተበት ዓመት አለ። ከዚያ ሥር ደግሞ ባለፈው ዓርብ በዲስኬት የላከቻቸው ወፎች፣ እንደጻፈቻቸው፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። ሥዕሎቹ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚከፈቱት። ገዲሴ ይህን ልብ አለችና ልብ በማለቷ አፈረች።

«መቼ ነው የገደልሽው?» አለቻት።

ቤተልሄም ማልቀስ ጀመረች። ክርስቲያን ሥራ ፈቶ ቤቷ ተቀምጦ እንደነበር፣ መጠጥ እንደጀመረ፣ እናታቸው በእሱ ምክንያት እንቅልፍ እንዳጣች አወራች። ገዲሴ እየሰማች ለቅሶውን ቆረጠች።

«ታሟል ብትያቸው አይበቃም ነበር?»

«ብያቸው ነበር» አለች ቤተልሄም። «ታሟል ብዬ ጻፍኩ። እስኪድን እንጠብቃለን አሉ። ለሌሎቹም ጻፍኩ፤ እነሱም እንጠብቃለን አሉ። ማንም ከክርስቲያን ጋር እሄዳለሁ የሚል ጠፋ።»

ገዲሴ፣ በእኔ ስም መልስ የጻፍሽውስ ብላ ጠየቀቻት። ቤተልሄም እንባዋን እየጠረገች፣ ሰዎቹ ለቅሶ ሲደርሱሽ ዝም ማለት ነውር መስሎኝ ነው አለች። ከልቧ ነበር የምትለው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የቤተልሄም ውሸት ግን ሐዘንተኛ እየመጣለት፣ መልስ እየተጻፈለት፣ እያደር ቤተሰብ ያለው ውሸት ሆኖ ነበር።

አሁኑኑ ገጹን ላጥፋው አለች ቤተልሄም፣ እጇን ወደ ኮምፒውተሩ እየሰደደች። ገዲሴ እጇን ያዘቻት። ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ሰው ዝም ተብሎ አይነሣም፣ መርዶውን ያረዳሽ አንቺ ስለሆንሽ የምታስተባብዪውም አንቺ ነሽ፣ ዋሽቼ ነው ብለሽ በስምሽ ጻፊ፣ ለያንዳንዳቸውም ላኪ አለቻት። ቤተልሄም አለቆቿ ቢያነቡት ከሥራ እንደምትባረር ነገረቻት። በማርቲ ክርስትና ለመነቻት። ስሟን ሳትጠቅስ በሕይወት አለ ብላ ለሁሉም እንደምትጽፍ በማርያም ማለችላት። ገዲሴ መሐላውን ሰማችው፤ ሰምታም ሊያሳርፋት እንደማይችል ያወቀችው ያኔ ነው። ጽፋለች አልጻፈችም በማን ታየዋለች? መልስ ቢመጣ በማን ይመጣላታል? ይቅርታውም ቢሆን የሚያልፈው በቤተልሄም በኩል ነው። ሁለት ዓመት የለፋችበት ገጽ እፊቷ ተከፍቷል፤ የእሷ የሆነ አንድ ቁልፍ የለውም። ተነሥታ ወጣች። ቤተልሄም እስከ በሩ «አበልጄ፣ አበልጄ» እያለች ተከተለቻት፤ ዘበኛው እያየ ስለነበር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

በንቲ ቤት ጠበቃት። ከጠዋት ጀምሮ ከመቀመጫው አልተነሣም። ምን አለች አላት። ገዲሴ በመንገድ ላይ ብዙ አስባ ነበር። የቤተልሄምን እንባ፣ የክርስቲያንን ሥራ ማጣት፣ የማርያምን መሐላ ልትነግረው አልፈለገችም።

«መጀመሪያ ታሟል ብላ ጽፋላቸው ነበር» አለችው። «እስኪድን እንጠብቃለን ስላሉ ነው ሞተ ያለቻቸው።»

በንቲ ጦርነቱን፣ ወባውን፣ የክርስቲያንን ሚኒባስ አልጠየቃትም።

«እንጠብቃለን አሉ?»

«አሉ።»

«ሽበታሟም?»

ገዲሴ ቤተልሄም ያለችውን ቃል በቃል ደገመችለት፤ ለሌሎቹም ጻፍኩ፣ እነሱም እንጠብቃለን አሉ፣ ማንም ከሌላ ጋር እሄዳለሁ የሚል ጠፋ። በንቲ ሽንኩርት በሸተተ መዳፉ ፊቱን ሸፈነ። መዳፉን ከፊቱ ሳያነሣ፣ እንደገና እንድትነግረው ለመናት።